አንድ ጊዜ ተናግራ በሁሉም ዘንድ እንድትደመጥ፦ ለተጋላጭ ሴቶች የሚሰጥ የድጋፍ አገልግሎት በቂርቆስና በካዛንቺስ

ጥቃት የደረሰባት ወይም ለችግር የተጋለጠች ሴት ወደ አገልግሎት ሰጪ ተቋም ስትመጣ ብዙውን ጊዜ ይዛ የምትቀርበው ቃሏን ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚያዝዘው ምርመራ፣ ፖሊሱ የሚከፍተው መዝገብ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ የምትመርጠው መጠለያ ሁሉም ከዚያ ቃል ይነሣሉ። ቃሉ በችኮላ ከተቆረጠ ወይም በጥርጣሬ ከተሰማ የሚሰጠው ድጋፍ ከመነሻው ይዛነፋል፤ ተገልጋይዋም ዳግመኛ ላትመለስ ትችላለች። በመሆኑም ማዳመጥ ራሱን የቻለ አገልግሎት ተደርጎ ሊወሰድና በሥርዓት ሊመራ ይገባዋል።

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሃል ከተማ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማና በተለይም በካዛንቺስ አካባቢ ለሚኖሩ፣ ለሚሠሩ ወይም ከዚያ ተነሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ለተዛወሩ ሴቶችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ማዳመጥ በድጋፍ አገልግሎት ውስጥ ያለውን ቦታ ያስረዳል፤ ተገልጋይ ሴቶች ምን መጠበቅ እንደሚችሉ፣ ወዴት መሄድ እንዳለባቸውና በአግባቡ ሳይደመጡ ሲቀሩ ምን ማድረግ እንደሚችሉም ይገልጻል።

ቃሉ ለምን ሳይነገር ይቀራል?

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 23 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመታቸው ጀምሮ አካላዊ ጥቃት፣ 10 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ጥናቱ ያሳየው ሌላው ጉዳይ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ሰው አልተናገሩም። እርዳታ የጠየቁት 23 በመቶ ብቻ ሲሆኑ እነርሱም በአብዛኛው የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ራሳቸው ቤተሰብ ነበር። በዚሁ ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለው መመለሳቸው፣ ዝምታው ከየት እንደሚመነጭ በከፊል ያስረዳል።

የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም የሚለው አመለካከት፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ መኖር እንደ ጨዋነት መቆጠሩ፣ በኢኮኖሚ በአጥቂው ላይ ጥገኛ መሆን፣ ልጆችን የማጣት ፍርሃት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ማን ያምነኛል?» የሚለው ሥጋት ብዙ ሴቶችን ዝም ያሰኛል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ጥቃቱን ብትናገር በስርቆት እከሰሳለሁ ብላ ትፈራለች። በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት ደግሞ አቤቱታዋ ወደ ራሷ ጥፋት እንዳይዞርባት ትሠጋለች። እነዚህን ፍርሃቶች አልፎ የመጣ ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ ከተባለ፣ ያቺ ሴት ብቻ ሳትሆን የእርሷን ታሪክ የሰሙ ሌሎች ሴቶችም ከደጅ ይመለሳሉ።

የቂርቆስና የካዛንቺስ ልዩ ገጽታ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም የጣሊያንኛ ስያሜ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት በአቅራቢያው በመሆኑ፣ አካባቢው ለአሥርተ ዓመታት የሆቴሎች፣ የቢሮዎች፣ የምግብና የመጠጥ ቤቶች መናኸሪያ ሆኖ ቆይቷል። ይህም ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ሥራ ፍለጋ ለሚመጡ ሴቶች መድረሻ አድርጎታል። በሆቴል ጽዳት፣ በቤት ሠራተኝነት፣ በጀበና ቡና ሽያጭ፣ በጉልትና በምሽት ቤቶች የሚተዳደሩ ሴቶች ገቢ ዕለታዊ ነው፤ የሥራ ሰዓታቸውም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዓት ጋር እምብዛም አይገጥምም። አንድ ቀን ሙሉ በወረፋ ያሳለፈች ጉልት ሻጭ የዚያን ዕለት ገቢዋን ታጣለች። ስለዚህ «ነገ ተመለሽ» የሚለው መልስ ለእርሷ ከፍተኛ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ሌላ ጉዳይ አለ። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ከተከናወነው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ጋር ተያይዞ በርካታ ነዋሪዎች ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ተዛውረዋል። ከላይ እንደተገለጸው፣ እርዳታ የሚጠይቁ ሴቶች በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያማክሩት ጎረቤትን ነው። ለረጅም ዓመታት በአንድ ግቢ የኖሩ፣ በቡናና በዕድር የተሳሰሩ ጎረቤቶች ወደ ተለያየ ሥፍራ ሲሄዱ፣ ሌሊት ጩኸት ሰምቶ በር የሚያንኳኳው ሰውም አብሮ ይርቃል። አዲስ መንደር የገባች ሴት ቤቷ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ችግሯን የምታዋየው ሰው እስክታገኝ ግን ጊዜ ይወስዳል። በዚህ የሽግግር ወቅት የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና አዲሱ ዕድር የጎረቤትን ጆሮ ተክተው መሥራት ይጠበቅባቸዋል።

ከብዙ በር ወደ አንድ በር

ቀደም ባለው አሠራር ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ሴት መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ትሰጣለች፤ ደብዳቤ ይዛ ወደ ሆስፒታል ታመራለች፤ የሕክምና ማስረጃውን ይዛ ወደ ፖሊስ ትመለሳለች፤ ከዚያም ወደ ዐቃቤ ሕግ ትቀርባለች። በእያንዳንዱ በር የደረሰባትን ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትናገር ትጠየቃለች። ይህ ምልልስ ሁለት ጉዳት ያስከትል ነበር። አንደኛው፣ ሕመሙን ደጋግሞ መቀስቀሱ ነው። ሁለተኛው፣ የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጥያቄ የመዘገቧቸው ቃሎች በጥቃቅን ነገሮች ሲለያዩ ልዩነቱ በፍርድ ሂደት ለተከላካይ ወገን መከራከሪያ መሆኑ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተደራጀው ማዕከል በአዲስ አበባ ቀደም ብለው ሥራ ከጀመሩት መካከል ይጠቀሳል። በዚህ አሠራር የሕክምና ባለሙያ፣ የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ሥፍራ ተቀናጅተው ያገለግላሉ። ተገልጋይዋ አንድ ጊዜ የተናገረችው ቃል ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ይተላለፋል፤ ከደጅ ወደ ደጅ የሚመላለሰው መዝገቡ ይሆናል። ተመሳሳይ አሠራር በደቡብ አፍሪካ ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ «ቱቱዜላ» በሚል ስያሜ የሚታወቅ ሲሆን፣ ቃሉ በኾሳ ቋንቋ ማጽናናት ማለት ነው።

የአንድ ማዕከል አገልግሎት ከሕንፃና ከክፍል አደረጃጀት ያለፈ ትርጉም አለው። አሠራሩ የተለወጠው የሴቶቹ ምልልስ በራሳቸው አንደበት ሲነገር ሰሚ በማግኘቱ ነው። ማዕከሉ የታለመለትን ግብ የሚመታው ግን በውስጡ ያለው ባለሙያ ማዳመጥን እንደ ሙያ ሲይዘው ነው።

ማዳመጥ እንደ ሙያ፦ ከባለሙያው ምን ይጠበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጤና ባለሙያዎች መመሪያ ጥቃት ለደረሰባት ሴት የሚሰጠውን የመጀመሪያ ደረጃ ድጋፍ በአምስት ተግባራት ያስቀምጣል። እነዚህም ለማንኛውም አገልግሎት ሰጪ የሚያገለግሉ ናቸው።

1. ማዳመጥ። ተገልጋይዋን በግል ክፍል ተቀብሎ፣ ሳያቋርጡና ሳይፈርዱ መስማት። ዝም ስትል ዝምታዋን ታግሦ መጠበቅም የማዳመጥ አካል ነው።

2. ፍላጎትንና ሥጋትን መጠየቅ። ባለሙያው አስቀድሞ የገመተውን ከመስጠት ይልቅ «አሁን በጣም የሚያስጨንቅዎት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። ለአንዷ ቀዳሚው ጉዳይ ሕክምና፣ ለሌላዋ ቤት የቀሩት ልጆች፣ ለሦስተኛዋ ደግሞ የምታድርበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

3. ቃሏን መቀበል። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም»፣ «መምጣትዎ ትክክል ነው» በማለት እንደምትታመን ማሳየት።

4. ደኅንነትን ማጠናከር። ወደ ቤቷ ብትመለስ ምን ሊገጥማት እንደሚችል አብሮ መመዘንና መውጫ መንገድ ማቀድ።

5. ከድጋፍ ጋር ማገናኘት። ወደ ሕግ፣ ወደ መጠለያ፣ ወደ ሥነ ልቦናና ወደ ኢኮኖሚ ድጋፍ መምራት፤ ከተቻለም ከሚቀጥለው ባለሙያ ጋር በአካል ማስተዋወቅ።

በአንጻሩ «ምን አድርገሽው ነው?»፣ «በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»፣ «ለምን አልጮኽሽም?» የሚሉ ጥያቄዎች ጥፋቱን ወደ ተጎጂዋ ያዞራሉ። ብዙ ሰዎች በከፍተኛ ድንጋጤ ወቅት ድምፅ ማውጣት ወይም መንቀሳቀስ ይሳናቸዋል፤ ይህ በመሆኑ አለመጮኽ የፈቃደኝነት ምልክት አይደለም። የአነጋገር ክብርም ሊዘነጋ አይገባም። ባለጉዳይዋ ደሃ ወይም ወጣት በመሆኗ ብቻ ያለ ፈቃዷ «አንቺ» ብሎ መጥራት ርቀትን ይፈጥራል። በ«እርስዎ» ጀምሮ እርሷ በምትመርጠው መቀጠል ተገቢ ነው።

ቋንቋም ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። አማርኛ በቅጡ የማትናገር ሴት በራሷ ቋንቋ፣ መስማት የተሳናት ሴትም በምልክት ቋንቋ ቃሏን የምትሰጥበት ሁኔታ ሊመቻች ይገባል። አስተርጓሚው የባል ዘመድ፣ አሠሪ ወይም የራሷ ልጅ ሊሆን አይገባም፤ በእነዚህ ሰዎች ፊት ሙሉው እውነት አይነገርምና።

ሕጉ ለሴቷ ቃል የሚሰጠው ክብደት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ያረጋገጠ ሲሆን፣ በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ሕጎችን፣ ወጎችንና ልማዶችን ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። በመሆኑም «የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» ተብሎ አቤቱታን መመለስ ሕጋዊ መሠረት የለውም። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ወንጀሉ ከባድ በሆነባቸው ሁኔታዎች ቅጣቱ ከዚህም ይጨምራል። እንዲህ ያለው ወንጀል በሽምግልናና በካሣ የሚዘጋ አይደለም።

ሕጉ የሴቷን ቃል እንዴት እንደሚያከብር በግልጽ የሚያሳየው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 ነው። እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በሚፈጸም ግንኙነት የመጣ ከሆነና ሴቲቱ በሕጉ መሠረት እንዲቋረጥ ከጠየቀች፣ ይህንኑ ለማስረዳት የእርሷ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ ይደነግጋል። የጤና ተቋሙ የፖሊስ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ እንድታመጣ እንዲያስገድዳት ሕጉ አይጠይቅም። ይህ ሁሉ ጥበቃ በሥራዋ፣ በኑሮዋ ወይም በመኖሪያ አድራሻዋ አይወሰንም፤ የቤት ሠራተኛዋም ሆነች በወሲብ ንግድ የምትተዳደረው ሴት በወንጀል ሕጉ ፊት እኩል ናቸው።

ጥቃት ሲደርስ ምን ማድረግ ይገባል?

* ጊዜ አያባክኑ። ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰ ኤች.አይ.ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓታት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል። ያልተፈለገ እርግዝናን ለመከላከል የሚሰጠው ድንገተኛ የወሊድ መቆጣጠሪያ እስከ 120 ሰዓታት ድረስ ሊወሰድ ይችላል፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ ይበልጥ ውጤታማ ናቸው።

* ማስረጃን ይጠብቁ። ከተቻለ ከምርመራ በፊት ገላዎን አይታጠቡ። የለበሱትን ልብስ ሳያጥቡ በወረቀት ጠቅልለው ይያዙ። ታጥበው ከሆነም ሕክምና ከመሄድ አይቆጠቡ፤ ሕክምናውም ሌላ ማስረጃ የማግኘት ዕድሉም አለ።

* በአቅራቢያዎ ወዳለው ተቋም ይሂዱ። በቂርቆስና በአካባቢው ለሚገኙ ሴቶች በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ቅርብ ነው። በማንኛውም ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ ጣቢያ ወይም በወረዳዎ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቢቀርቡም ወደሚመለከተው ሊመሩዎት ይገባል። ለአስቸኳይ የፖሊስ እርዳታ በነጻ ስልክ 991 ይደውሉ።

* የሕግ ምክር ይጠይቁ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ነጻ የስልክ መስመር የሕግ ምክር ይሰጣል።

* ወደ ቤት መመለስ አስጊ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይናገሩ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሳሰሉ ድርጅቶች ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ ይሰጣሉ። ለደኅንነት ሲባል የመጠለያዎች አድራሻ በይፋ አይነገርም፤ ተገልጋዮች የሚገቡት በአብዛኛው በፖሊስ ወይም በሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል ተልከው ነው።

መታወቂያ ወይም ሌላ ሰነድ ካለዎት ይያዙ። ሰነድዎ በአጥቂው እጅ ከሆነም ይህንኑ ለባለሙያው ይንገሩ እንጂ በዚህ ምክንያት ከቤት አይቅሩ።

ጥቃት ያልደረሰባቸው ነገር ግን በድህነት፣ በጎዳና ሕይወት ወይም በወሲብ ንግድ ምክንያት ለአደጋ የተጋለጡ ሴቶችም አቤቱታቸውን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት እንዲሁም የከተማ አስተዳደሩ ያቋቋመው «ለነገዋ» የሴቶች የተሐድሶና የክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ለዚህ ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው። እዚህም ላይ ማዳመጥ ወሳኝ ነው። ልጇን የምታስቀምጥበት ያጣች እናት ለሥልጠና ብትመዘገብ ሥልጠናውን ታቋርጣለች። ይህ የሚታወቀው ከመመዝገቢያ ቅጹ ሳይሆን እርሷን በመጠየቅ ነው።

በአግባቡ ካልተደመጡ

ማንኛዋም ተገልጋይ በግል ክፍል የመነጋገር፣ ሴት ባለሙያ እንድትመደብላት የመጠየቅ፣ የሰጠችው ቃል ተነቦላት እርማት ካለው አስተካክላ የመፈረምና የመዝገብ ቁጥሯን የማወቅ ፍላጎቷን ማቅረብ ትችላለች። የሚያምኑት ሰው አብሮዎት እንዲቀመጥ ከፈለጉም ይናገሩ። ከተመለሱ፣ ከተዘለፉ ወይም ጉዳይዎ ያለ ምክንያት ከዘገየ፣ የመጡበትን ቀንና ያነጋገረዎትን ባለሙያ የሥራ ክፍል በማስታወሻ ይያዙ። በቅድሚያ ለተቋሙ ኃላፊ ወይም ለቅሬታ ሰሚ አካል ያመልክቱ። በዚያ መፍትሔ ካላገኙ በአስተዳደር በደል ላይ አቤቱታ ለሚመረምረው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላሉ።

ቅሬታ ማቅረብ ከባለሙያ ጋር መጣላት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በየወረዳው የሚመዘገቡ ቅሬታዎች ተሰብስበው ሲታዩ አገልግሎቱ የት እንደሚሰበር ያመለክታሉ። ሴቶች በብዛት የሚቀሩት ከየትኛው በር ነው? በምሽት የምትሠራ ሴት የምትመጣበት ሰዓት አለ? ወደ አዲስ መንደር የተዛወሩት ፋይላቸው ተከትሏቸዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልሱ የሚችሉት ራሳቸው ተገልጋዮች ናቸው። የተሰበሰበው አስተያየት ምን ለውጥ እንዳስከተለ መልሶ ለነዋሪው መንገርም የተቋማት ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ተናግራ ምንም ሲለወጥ ያላየች ሴት በሚቀጥለው ዝም ትላለችና።

የጎረቤትና የዕድር ድርሻ

የመጀመሪያው ሰሚ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው። አንዲት ሴት ችግሯን ካዋየችዎት ምክር ከመስጠትዎ በፊት ያዳምጧት። «ቻይው» ወይም «ለልጆችሽ ስትይ» አይበሏት፤ ያለ ፈቃዷም ነገሩን ለሌላ ሰው አያውሩ። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለፖሊስ ያሳውቁ። ፈቃደኛ ስትሆን ወደ ጤና ተቋም ወይም ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አብረው ይሂዱ። የዕድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶችም ወንጀል የሆነን ድርጊት በዕርቅ ከመሸፈን ተቆጥበው ተጎጂዋን ወደ ሕክምናና ወደ ሕግ እንዲመሩ ይጠበቃል።

በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩት ተቋማት፣ ሕጎችና የስልክ መስመሮች ጥቅም ላይ የሚውሉት ቃሉ ሲነገርና ሲደመጥ ነው። መናገር ድፍረት ይጠይቃል፤ ያንን ድፍረት ይዛ የመጣችን ሴት ቁጭ ብሎ መስማትና የሰሙትን በሥራ ላይ ማዋል ደግሞ የአገልጋዩ ኃላፊነት ነው። በቂርቆስም ሆነ በገላን ጉራ የምትገኝ ማንኛዋም ሴት ከዚህ ያነሰ አገልግሎት ልትቀበል አይገባትም።